ኑ፣ ጥላ እንሥራ

በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ሬስቶራንት፣ ቡና ቤት፣ ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት የከፈታችሁ፣ በእነዚህ ቤቶች ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ በጅቡቲ ሕንፃዎች ላይ ግንበኛ፣ ቀለም ቀቢና ኤሌክትሪሺያን ሆናችሁ የምትውሉ ወገኖቼ፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። የሙቀቱ ወራት ከመግባታቸው በፊት ተሰባስበን ጥላ እንሥራ። ኤሲ በኤሲ ላይ መደረቡን እናቁምና ጣራችንን፣ በረንዳችንንና ጓዳችንን እናብርድ። ገንዘቡም፣ ጉልበቱም፣ ሙያውም በእጃችን ነው።

(ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እዚህ የምንኖረው በእሱ ነውና።)

እስቲ አደባባዩን ቀና ብላችሁ እዩት። በየቀኑ ስለምናልፍበት ማየት ትተናል። ፈረንሳዮች ይህችን ከተማ በ1888 ሲቆረቁሩ ሙቀትን በኤሌክትሪክ ማባረር የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ግንበኛው፣ ከየመን ተሻግሮ የመጣው ባለሙያ ጭምር፣ ያለውን ዕውቀት ሁሉ ግድግዳው ላይ አዋለው። ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ወፍራም ግድግዳ አቆመ፤ ጣሪያውን ከፍ አደረገ፤ በር ከመስኮት ትይዩ አድርጎ ነፋስ መውጫ ሰጠው፤ መስኮቱን ብርሃን ከልክሎ አየር በሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ ሸፈነው። ከዚያ ከሁሉ የሚበልጠውን ሠራ። ምድር ቤቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ፎቁን በቅስቶች ላይ አቆመው፤ መንገደኛው በእኩለ ቀን ፀሐይ ሳይመታው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እንዲያልፍ አደረገ። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ጥላው ግን የመንገደኛው ሆነ።

ይህን ስል ያንን ዘመን ማወደሴ አይደለም። ሰፈሩ የተሠራው ለአውሮፓውያን ነበር፤ ድንጋይ ተሸካሚው ሌላ ቦታ ነበር የሚያድረው። ያም ሆኖ ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነጻ ስትወጣ አደባባዩ በይፋ የነጻነቷን ቀን ስም ያዘ፤ ጥላውም የከተማው ሁሉ ሆነ። ዛሬ ቅስቶቹ ሥር ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ ገንዘብ መንዛሪዋ፣ ሊስትሮው፣ ጫት እስኪገባ የሚጠብቀው፣ ከአገር ቤት ገና መጥቶ ማደሪያ ያላገኘው ልጅ ሁሉም ይጠለላሉ። ከተማዋ ለድሃ በነጻ የምትሰጠው ነገር ብዙ አይደለም። ይህ አንዱ ነው።

ዕውቀቱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምጽዋን ያየ ሰው ቅስቶቹን ያውቃቸዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ወፍራም ግድግዳና በየዓመቱ የሚታደስ ነጭ ኖራ ምን እንደሚያደርግ ልንነግረው አያስፈልግም። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ የተቆረቆረውን ከዚራን ደግሞ የመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው ሰው የሚኖርበት ሰፈር ያደረገው። የዚህ አገር አፋሮችና ሶማሌዎችም ቢሆኑ ከእንጨት ቅስትና ከሰሌን የሚሠሩት ቤት ነፋስ የሚያስገባ፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን፣ አንድም ቆሻሻ ጥሎ የማይሄድ ነው። በዚህ ሁሉ ዕውቀት መሃል ተቀምጠን ነው እንግዲህ ቅስቱን በአሉሚኒየምና በመስታወት የምንዘጋው።

ነገሩን ከጓዳው ብናየው ይሻላል።

ከአደባባዩ ጀርባ ካሉት ቤቶቻችን ወደ አንዱ በምሳ ሰዓት ግቡ። ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፤ ደንበኛ ሹራብ ያምረዋል። መጋረጃውን ገልጣችሁ ወደ ኋላ እለፉ። ጣራው ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ኮርኒስ የለውም። መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም አቧራ እንዳይገባ በካርቶን ተደፍኗል። ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ይነዳል። እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ግንባሯን በሻሽ አስራለች፤ ምጣዱን ታስሳለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ ትከድናለች፣ ክዳኑን ስታነሣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣል፤ በሰፌድ ታወጣና እንደገና ትጀምራለች። ውጭው በጥላ 42 ዲግሪ በሆነበት ቀን እዚያ ጓዳ ውስጥ ስንት እንደሚሆን ገምቱት። የሳሎኑ ኤሲ ሞተር የተሰቀለው ደግሞ ከዚያችው መስኮት አጠገብ ነው። ኤሲ ሙቀት አያጠፋም፤ ከአንድ ክፍል አንሥቶ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ሌላ ቦታ ይተፋዋል። እኛ ያንን ሌላ ቦታ ስንመርጥ እንጀራ ጋጋሪዋን መረጥን። ከፊት ለፊት የሰቀልን እንደሆነም በቅስቱ ሥር የተቀመጠችውን ሻይ ሻጭ መረጥን።

ይህን የማነሣው ባለቤቶችን ለመክሰስ አይደለም። ቤት ኪራዩን፣ የመብራት ሂሳቡን፣ ከአገር ቤት የሚጠብቀውን አፍ አውቀዋለሁ። የጅቡቲ መብራት ዋጋ ውድ ነው፤ የሰኔና የሐምሌ ሂሳብ ሲመጣ ስንቱ ቤት በዕዳ እንደሚዘጋ እናንተ ትነግሩኛላችሁ። ሞቀ ብለን ኤሲ ጨመርን፤ ኤሲው ውጭውን አሞቀው፤ ውጭው ሲሞቅ ጎረቤቱም ጨመረ። እያንዳንዳችን ለየብቻችን ያደረግነው ትክክል ይመስላል። አንድ ላይ ሲታይ ግን አደባባዩን እርስ በርሳችን እያጋልነው ነው። ለየብቻ የመጣብንን ነገር ለየብቻ አንወጣውም።

ያ የምንገዛው ቅዝቃዜ ከየት እንደሚመጣም እናስብ። ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መስመር ይህች ከተማ አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ከኢትዮጵያ ትወስዳለች። የሕዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለውም በዚያው በ2011 ነበር። ከደመወዛችን ቆርጠን ቦንድ ገዛን፤ በሴፕቴምበር 2025 ግድቡ ሲመረቅ በየቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ቆመን አጨበጨብን። ከ2017 ጀምሮም ከሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ ጉድጓዶች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ የሚመጣ ውሃ አለ፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ወንዛችንና የከርሰ ምድር ውሃችን እዚህ ድረስ ተከትለውናል ማለት ነው። አገር ቤት ገና አምፖል ያላየ ስንት ቀበሌ እንዳለ የምታውቁ ሰዎች፣ ያ ኃይል ባዶ ቆርቆሮ ሥር ሲባክን እንዴት ዝም እንላለን? ጅቡቲም ብትሆን የራሷን እየጣረች ነው፤ በ2023 ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያ አስመርቃለች። ያ ነፋስ እኛም ሰፈር ይደርሳል። መስኮቱን ደፍነንበት ነው እንጂ።

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ነገር በስብሰባ አዳራሽ ብዛት የደከመ ይመስላል። የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት ኮሚሽን በ1987 ለዓለም ሲያስተዋውቀው ግን ሐሳቡ ማንም እናት የሚገባት ነበር፦ የዛሬውን ችግር ስንፈታ ለልጆቻችን የሚቀረውን አንጨርስ። ከዚያ ወዲህ አካባቢ፣ ኅብረተሰብ፣ ኢኮኖሚ እየተባለ በሦስት ዓምድ ይከፈላል። እኔ በግንባታ ሥራ ላይ ስኖር ሦስቱ ተለያይተው አላየኋቸውም። ያ ጓዳ ውስጥ ሦስቱም አንድ ቆርቆሮ ሥር ናቸው፤ የሚባክነው ኃይል፣ የምትቃጠለው ልጅ፣ የሚከፈለው ሂሳብ። አንዱን ለብቻው ላስተካክል ያለ ሁሉ ሦስቱንም ያበላሻል።

ምሳሌ ልስጥ። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በ1940ዎቹ ሉክሶር አጠገብ ኒው ጉርና የምትባል መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። ጉልላቱ፣ ግቢው፣ የነፋስ መግቢያው ዛሬም ድረስ በዓለም ይጠናል። ብዙዎቹ የጉርና ሰዎች ግን ወደዚያ መንደር አንሄድም አሉ። እንዲነሡ የተወሰነው ሳይጠየቁ ነበር፤ እንጀራቸውም ያለው በድሮው ሰፈራቸው ነበር። ለፀሐይና ለነፋስ ትክክል የሆነ ንድፍ ለሰው ካልሆነ ባዶ ቤት ይሆናል። ቡርኪናፋሷዊው ፍራንሲስ ኬሬ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2001 በተወለደባት በጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ሲሠራ ሴቱም ወንዱም ወለል ደለደለ፣ ጡብ ሠራ፣ ድንጋይ ተሸከመ። የኬሬ ብልሃት እዚህ ላለ ቆርቆሮ ሁሉ ይሠራል። ቆርቆሮውን ከክፍሉ ጣሪያ ላይ አንሥቶ በብረት እግር ከፍ አድርጎ አቆመው፤ በመሃል ነፋስ እየገባ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። ቆርቆሮው ይግላል፤ ተማሪዎቹ ግን አይግሉም። በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የአርክቴክቸር ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ሲቀበል የተሸለመው ያ የመንደር ደቦ ጭምር ነው።

ሁሉም ብልሃት ግን ለሁሉም አገር አይሆንም። በዚምባብዌ ሐራሬ ያለው ኢስትጌት ሕንፃ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ግድግዳውን አብርዶ ቀኑን ይውልበታል። የጅቡቲ የሐምሌ ሌሊት አይበርድም፤ ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ እስኪነጋ አይለቅም። ከምዕራብ የሚመጣው የካምሲን ነፋስ ደግሞ አቧራና እሳት ይዞ ነው። ለእኛ የሚሆነው ጥላ፣ ነጭ ጣራ፣ የሚንቀሳቀስ አየርና ዛፍ ነው። ሐምሌ ላይ ኤሲ ንቀሉ የሚል ሰው ካለ የጅቡቲን ሐምሌ አያውቅም። እኛ የምንለው ሁለት ኤሲ የሚያሠራው ቤት አንድ ይበቃዋል፣ 18 ላይ የሚቀመጠውም 25 ላይ ይቀመጣል ነው።

እንዴት እንሥራው?

ዕቁብ እናውቃለን። በእያንዳንዱ ቤታችን ቢያንስ አንድ ዕቁብ አለ። አንድ ተጨማሪ እንጀምር፤ የጥላ ዕቁብ። በየወሩ ዕጣ የደረሰው ቤት ገንዘቡን ኪሱ አይከተውም፤ በዚያ ወር የአባላቱ እጅ ሁሉ ወደዚያ ቤት ይዞራል። ግንበኛው አንድ አርብ ይሰጣል፣ ኤሌክትሪሺያኑ አንድ አርብ ይሰጣል፣ ባለቤቱ ምሳ ያበላል። አገር ቤት እህል በደቦ ያጨደ ሰው፣ ለለቅሶ ድንኳን በእድር የተከለ ሰው ይህን ለመሥራት ሥልጠና አይፈልግም።

መጀመሪያ ጓዳ። በካርቶን የተደፈነው መስኮት ይከፈት፤ ለአቧራው ወንፊት ሽቦ ይበቃዋል። ትይዩው ግድግዳ ላይ፣ ከጣራው ሥር ከፍ ብሎ፣ ሌላ ቀዳዳ ይውጣ፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ መውጫ ይፈልጋል። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ አቅም ያለው ቆርቆሮውን እንደ ኬሬ ያንሣው። የኤሲው ሞተር ሰው ከሚቆምበት ቦታ ይራቅ።

ከዚያ ጣራ። ለሲሚንቶና ለድንጋይ ጣራ ኖራ የመሰለ የለም። ኖራው በውሃ በደንብ ተነክሮ ይደር፣ ጨው ይጨመርበት፣ በወንፊት ይጠለል። ጣራው ተጠርጎ ውሃ ይርከፈከፍበትና ገና እርጥብ እያለ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ወፍራም አድርጎ በአንዴ የቀባ ሰው በሳምንቱ ተላልጦ ያገኘዋል። ፀሐይ ሳይወጣ መጀመር ያስፈልጋል፤ በፀሐይ በድንገት የደረቀ ኖራ ዱቄት ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ ኖራ አይይዝም፤ ለእሱ የብረት ነጭ ቀለም ይገዛ። ነጭ ጣራ ከላዩ ያረፈውን ፀሐይ አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ ጥቁሩ ወይም የዛገው ውጦ ቤታችሁ ውስጥ ያወርደዋል። አንድ ከረጢት ኖራ ከአንድ ኤሲ ጋር ዋጋውን አስተያዩት።

በረንዳውን ደግሞ መልሰን እንክፈት። ቅስቶቹን በመስታወት የዘጋ ሰው መስታወቱን ያንሣ፤ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ሰሌን ይንጠልጠል። ሰሌኑን ከአፋር ሴቶች እንግዛ፤ ከዘንባባ ቅጠል በእጃቸው የሚሠሩት ከውጭ በኮንቴይነር ከሚመጣው ፕላስቲክ ሸራ ይበልጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ ገንዘቡም እዚሁ አገር ይቀራል። በዚህች አገር እንግዶች ነን። የምናወጣው ፍራንክ ካስጠጉን ሰዎች ቤት እንዲገባ ማድረግ ከጎረቤትነት የሚጠበቅ ነው።

ኤሲዎቹም ቢሆኑ የሚሰጡት ነገር አላቸው። ወበቁ በበረታ ቁጥር ከቱቦአቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ይበዛል፤ ዛሬ ያ ውሃ በእግረኛ መንገዱ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ሰው ያንሸራትታል። ለመጠጥ አይሆንም፤ ለተክል ግን ይሆናል። ቱቦውን በጀሪካን አፍ ውስጥ አስገቡት። ከእያንዳንዱ ቤት ፊት ለፊት ወይም ከጀርባው ግቢ አንድ የኒም ዛፍ ይተከል፤ ኒም ይህን አየር ይችላል። ሦስት ዓመት የኤሲ ውሃ የጠጣ ዛፍ ከዚያ በኋላ ሥሩን ራሱ ያወርዳል።

ቤቱ የኪራይ ነው፣ ለምን ለሰው ቤት እንለፋለን የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ብቻችንን ወደ አከራይ አለመሄድ ነው። አንድ ተከራይ «ጣራህን ላድስልህ» ቢል ይስቁበታል። የአደባባዩ ተከራዮች አንድ ላይ ሆነን፣ ጣራውን እኛ እናድሳለን፣ በምላሹ ለሦስት ዓመት ኪራይ አይጨምርም፣ በጽሑፍ ይሁን ብንል ግን የሚያዳምጥ እናገኛለን። የድሮዎቹን ሕንፃዎች ለያዙ አከራዮችም የምንለው አለ። ኖራው የተላጠ፣ ጨው የበላው ግድግዳ ዛሬ ቢጠገን ይቆማል፤ ተትቶ ቢፈርስ ግን አይመለስም። የኮራል ድንጋይ ዛሬ ከባሕር ሊወጣ አይገባም፤ ሪፉ ዓሣው የሚራባበት ቤት ነው። በቦታው የሚቆመው የሲሚንቶ ሳጥን ይሆናል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከዓለም የካርቦን ልቀት ሰባትና ስምንት በመቶ የሚሆነውን የሚያደርስ ነገር ነው። የቆመ ቤት መጠበቅ ከሁሉ የረከሰው ግንባታ ነው።

በአዲስ አበባ ልደታ፣ በ1954 የሕንፃ ኮሌጅ ሆኖ በተመሠረተው ተቋም ውስጥ አርክቴክቸር የምትማሩ ልጆችም ጥሪው ይድረሳችሁ። ባቡሩ ናጋድ ጣቢያ ድረስ ያመጣችኋል። ኑና እነዚህን ቅስቶች ለኩ፣ ጓዳዎቹን ለኩ፣ ከመታደሳቸው በፊትና በኋላ ቴርሞሜትር ስቀሉ። አዲስ አበባ ላይ ከሌላ አገር መጽሔት የተገለበጠ መስታወት ሕንፃ ከመሳል አንዲት የሦስት በአራት ጓዳን ማቀዝቀዝ የበለጠ ያስተምራችኋል። መምህራኖቻችሁ ምጣድ ላይ የሚቆሙት ሴቶች ይሆናሉ፤ ነፋሱ በየትኛው ሰዓት ከየት እንደሚመጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከከተማዋ ዳር ባልባላ ሰፈር ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ይህ የአደባባይ ሰዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በቆርቆሮ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ መካከል የምታድሩት እናንተ ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ኤሲ ቀርቶ ቆጣሪም የላችሁም። እኛ እዚህ የምንማረው ነገር ሁሉ ወደ እናንተ ካልደረሰ ግማሽ ሥራ ነው። ዕቁቡ አራት ቤት ሲያድስ አምስተኛው ባልባላ ይሁን፤ ዕጣ ሳይጠበቅ።

የዕቁቡ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ በመጪው አርብ ይመረጡ። አርብ ዕረፍት ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ከቅስቶቹ ሥር እንገናኝ፤ የጁምዓ ሶላት ያለባቸው ወንድሞቻችን ሳይረፍድባቸው እንዲሄዱ እስከ 4 ሰዓት እንጨርሳለን። መሰላል ያለው መሰላል፣ ብሩሽ ያለው ብሩሽ፣ መኪና ያለው ኖራውን ይዞ ይምጣ። ምንም የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። በብዙ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ የሰብሳቢው ነው፤ በዚህኛው ግን ከየትኛው ጓዳ እንደሚጀመር እንጀራ ጋጋሪዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው ይወስኑ፣ እኛም ኖራችንን ይዘን ወደ ጠቆሙን ቤት እንሂድ።